የመኪናው የአየር ከረጢት ሲተነፍስ፦ መጠገን፣ መቀየር ወይስ ወደ ሞላ መመለስ?

ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው መኪና ጠዋት ሲታይ የኋላ አንድ ጎኑ ጭነት እንደከበዳት በቅሎ ዘምሞ ይገኛል። አሽከርካሪው ሞተሩን ያስነሣል፤ ከመኪናው ሥር የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል፤ ጥቂት ሳይቆይ የዘመመው ጎን ቀስ እያለ ይነሣና መኪናው እንደ ቀድሞው ይስተካከላል። አሽከርካሪውም «ደህና ሆነ» ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። ነገር ግን ያ የሚያጉረመርመው ኮምፕሬሰር በየማለዳው ከአቅሙ በላይ እየሠራ ይሰነብትና አንድ ቀን ከከተማ በራቀ፣ ጋራዥ በሌለበት መንገድ ላይ ተቃጥሎ ይቆማል። በዚያን ቀን መኪናው የጫነው ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የምትሄድ ወላድ ወይም ለገበያ የታሰበ ማርና ቅቤ ሊሆን ይችላል።

ይህ ችግር የሚያጋጥመው በብረት ባሌስትራ ወይም በሞላ ፋንታ በአየር በተሞላ የጎማ ከረጢት ላይ በሚቀመጡ ባለ ከፍታ መኪኖች ነው። አሠራሩ በጋራዥ አጠራር «ኤር ሰስፔንሽን» ይባላል። በሬንጅ ሮቨር እና በላንድሮቨር ዲስከቨሪ 3 መኪኖች ብዙውን ጊዜ አራቱም ጎማዎች የአየር ከረጢት አላቸው። ከፍ ባለ ደረጃ በተሠሩት ቶዮታ ፕራዶ 120 እና 150፣ እንዲሁም በሌክሰስ ጂኤክስ 470 ደግሞ ከረጢቱ የሚገኘው ከኋላ ብቻ ሲሆን የፊቱ ሞላ ነው። በገጠር መንገድ የተለመዱት የላንድክሩዘር 70 ተከታታይ መኪኖች ከኋላ በባሌስትራ ስለሚሄዱ ጉዳዩ እነርሱን አይመለከትም።

ጉዳዩ ዛሬ ትኩረት የሚሻበት ምክንያት አለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መደረጉ ከታወቀ ወዲህ፣ ያለውን መኪና ጠብቆና ጠግኖ ረዘም ላለ ዘመን መጠቀም ግድ ሆኗል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉም ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ የሚገዛውን ባለንብረት ኪስ ነክቷል። በመሆኑም በተሳሳተ ግምት የተገዛ አንድ ዕቃ የአንድ ቤተሰብን የወራት ገቢ ሊያስቀር ይችላል።

የከረጢቱ ሥራ

ጭነት የሚጭን ሰው የመደላድልን ጥቅም ያውቃል። ከአህያዋ ጀርባና ከእህሉ መካከል መደላድል ከሌለ ጀርባዋ ይላጣል፤ ጭነቱም ይንከባለላል። የመኪና ባሌስትራ፣ ሞላ ወይም የአየር ከረጢት የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ከመንገዱ የሚመጣውን ምት ተቀብሎ ሻንሲውን፣ ተሳፋሪውንና ጭነቱን ያሳርፋል።

የአየር ከረጢቱ በክር የተጠናከረ ጎማ ነው። መልኩ ከቀጥቃጭ ወናፍ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ወናፍ አየሩን ሲተፋ ከረጢቱ አየሩን አፍኖ መያዙ ነው። በውስጡ ያለው ግፊት በአብዛኛው ከ70 እስከ 150 ፒኤስአይ ይደርሳል። የአንድ መኪና ጎማ አየር ከ30 እስከ 36 ፒኤስአይ አካባቢ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ከረጢቱ ምን ያህል ኃይል እንደተሸከመ መገመት አይከብደውም።

ከረጢቱ ብቻውን አይሠራም። አየሩን የሚጨምቅ ኮምፕሬሰር፣ የአየሩን እርጥበት የሚመጥ ማድረቂያ፣ አየሩን ወደየከረጢቱ የሚያከፋፍሉ ቫልቮች፣ ቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች፣ የመኪናውን ከፍታ የሚለኩ ሴንሰሮችና ሁሉንም የሚያዝ ኮምፒውተር አሉት። ብዙዎቹም አየር የሚጠራቀምበት ጋን መሳይ ታንከር አላቸው። ሰውና ዕቃ ሲጫን መኪናው ዝቅ ይላል፤ ሴንሰሩ ይህን ለኮምፒውተሩ ያሳውቃል፤ ኮምፒውተሩ ኮምፕሬሰሩን ያስነሣል፤ መኪናው ወደ ትክክለኛ ከፍታው ይመለሳል። ጭነቱ ሲወርድ ደግሞ ትርፉ አየር ይለቀቃል።

አሠራሩ በአሜሪካ አውቶቡሶች ላይ በ1950ዎቹ ታይቷል። ወደ አገር አቋራጭ መኪኖች የገባው ዘግይቶ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የቀረበው ሬንጅ ሮቨር ኤል ኤስ ኢ በዚህ ረገድ ፈር ቀዳጅ ነበር። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ አንዱ መኪና በአስፋልት ላይ ዝቅ፣ በድንጋያማ መንገድ ላይ ከፍ ማለት ይችላል፤ ባዶም ቢሆን ተጭኖም አረማመዱ አይለወጥም። ክፍሎቹ መብዛታቸው ግን የሚበላሸውንም አብዝቶታል።

ሕመሙ የሚጀምርበት ቦታ

ጎማ ያረጃል። ከረጢቱ በሚታጠፍበት ቦታ በየጉድጓዱ ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። በእጥፋቱ ውስጥ የገባ አሸዋና ጠጠር እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ጎማው መሰንጠቅ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚታዩት እንደ ደረቀ የሸክላ መሬት ያሉ ጥቃቅን ስንጥቆች ናቸው፤ ቀጥሎ በሌሊት ብቻ የሚታወቅ ቀስተኛ ፍሳሽ ይመጣል።

ብዙ ባለንብረቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቀስተኛው ፍሳሽ በራሱ መኪናውን አያቆመውም። የጎደለውን ለመሙላት ግን ኮምፕሬሰሩ በቀን ጥቂት ጊዜ ይሠራ የነበረው ደጋግሞ መሥራት ይጀምራል። ደጋግሞ ሲሠራ ይሞቃል፤ የፒስተኑ ቀለበት ይበላል። ማድረቂያውም ለመድረቅ ፋታ ያጣና በእርጥበት ይጠግባል፤ በውስጡ ያሉት እንክብሎች ደቀው ዱቄት ይሆናሉ፤ ዱቄቱም ከአየሩ ጋር ተጉዞ ቫልቮቹን ይዘጋል። በመጨረሻም ኮምፕሬሰሩ ይቃጠላል።

ባለንብረቱ «ኮምፕሬሰሩ ነው የሞተው» ይባልና በብዙ ገንዘብ አዲስ ያስገጥማል። ኮምፕሬሰሩን የገደለው ፍሳሽ ግን እዚያው ቦታው ላይ አለ። አዲሱም የአሮጌውን ዕጣ ይጠብቃል። ከኬሚካል መርጫ መሣሪያው ጎሚኒ አየር እያመለጠ እጀታውን ደጋግሞ የሚገፋ ገበሬ መጀመሪያ የሚደክመው ክንዱ ነው፤ መፍትሔው ግን ክንድ መቀየር ሳይሆን ጎሚኒውን መቀየር ነው። በዚህም ሥራ መጀመሪያ ፍሳሹ ይገኝ፣ ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ይታሰብ።

አንዲት ትንሽ ዕቃም አትረሳ። ለኮምፕሬሰሩ ኤሌክትሪክ የምታስተላልፈው ሪሌ ውስጧ ተጣብቆ ከቀረ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት ይሠራና ይቃጠላል። ዋጋዋ ከኮምፕሬሰሩ ጋር የማይነጻጸር በመሆኑ፣ ኮምፕሬሰር ሲቀየር ሪሌዋም አብራ መቀየር ይኖርባታል።

የደጋው አየርና የክረምቱ ጭቃ

የአገራችን መልክዓ ምድር ለዚህ መሣሪያ አይመቸውም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በባሕር ዳር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው፤ 3 ሺህ ሜትር በሚጠጋው ደባርቅ ደግሞ ወደ 70 በመቶ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ በአንድ ምት የሚስበው አየር ያነሰ ነው፤ ያንኑ ከረጢት ለመሙላትም ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት ግድ ይለዋል። በቆላ ያልታወቀ ትንሽ ፍሳሽ በደጋ ኮምፕሬሰሩን ሊያደክመው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሌሊት ብርድም ድርሻ አለው። ቀን 30 ዲግሪ የነበረ አየር ሌሊት ወደ 5 ዲግሪ ቢወርድ የታፈነው አየር ግፊት በ8 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ግን ሁሉንም ጥግ በእኩል የሚነካ ነው። በብርድ ምክንያት መኪናው በጥቂቱ ዝቅ ቢል አያስደንግጥም፤ አንድ ጥግ ብቻውን ሲወርድ ግን ፍሳሽ አለ ማለት ነው።

በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው በከረጢቱ እጥፋት ውስጥ ይቀመጣል። ጭቃው ሲደርቅ ይጠነክርና ጎማውን ይቆርጠዋል። ከዚህ የሚብሰው ግን በሰው እጅ የሚመጣው ጉዳት ነው። በአንዳንድ ላቫጆዎች የመኪናውን ሥር በናፍጣ ማጠብ፣ ብረቱ እንዳይዝግ የተቃጠለ ዘይት መርጨትና ግራሶ መቀባት የተለመደ ነው። ናፍጣ፣ ዘይትና ግራሶ የከረጢቱን ጎማ ያብጡታል፤ ያላሉታል። የአየር ከረጢት ያለው መኪና ባለቤት ከረጢቱ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ብቻ እንዲታጠብ ለአጣቢው አስቀድሞ ማሳሰብ ይገባዋል።

ፍሳሹን ፈልጎ ማግኘት

ፍሳሹን ለማግኘት የሚያስፈልገው መሣሪያ በየቤቱ አለ፦ ሜትር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ የሳሙና ውኃና ስፖንጅ።

ምሽት ላይ መኪናው በተስተካከለ መሬት ላይ ይቁም። ከእያንዳንዱ ጎማ እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ቁመት ይለካና ይጻፍ። ቀጥሎ የአየር ሥርዓቱ ፊውዝ ይነቀል። ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ቢሆንም ዋናው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንድ መኪኖች ከቆሙ በኋላም በየተወሰነ ሰዓት ነቅተው ራሳቸውን ያስተካክላሉ። አንዱ ጥግ ሲወርድ ሌሎቹንም ዝቅ አድርገው ስለሚያመሳስሏቸው፣ አንድ ከረጢት ብቻ እየፈሰሰ ጠዋት አራቱም የፈሰሱ ይመስላሉ። ባለንብረቱም አንድ ከረጢት በቂ ሆኖ ሳለ አራት ሊገዛ ይችላል።

ጠዋት ማንም ሳይገባበት፣ ሞተሩም ሳይነሣ ቁመቱ እንደገና ይለካል። ፊውዙ ተነቅሎ ሳለ አንድ ጥግ ብቻ ከወረደ ጥፋቱ በዚያ ጥግ ከረጢት፣ በቱቦው ወይም በራሱ ቫልቭ ላይ ነው። የትኛውም ጥግ ካልወረደ፣ መኪናው ግን ሲታዘዝ ከፍ ማለት ካቃተው ወደ ኮምፕሬሰሩ፣ ወደ ሪሌውና ወደ ማድረቂያው ማየት ያሻል።

ከዚያ የጎሚስታው ዘዴ ይከተላል። ጎሚስታ ከመነዳሪን ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንደሚፈልግ ሁሉ፣ የሳሙናው ውኃ በቱቦው መጋጠሚያ፣ በቫልቮቹና በከረጢቱ እጥፋት ላይ ይቀባል። እያደገ የሚሄድ አረፋ ያለበት ቦታ ፍሳሹ ነው። መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት የቱቦው መጋጠሚያ ነው፤ ጥገናው ከሁሉ የቀለለ ነውና። የተጎዳውን የቱቦ ጫፍ በስለታም ቢላ ቀጥ አድርጎ ቆርጦ በአዲስ መያዣ መልሶ ማስገባት ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል።

ሦስቱ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ መጠገን ነው። ፍሳሹ በመጋጠሚያ፣ በቱቦ ወይም በቫልቭ ላይ ከሆነ፣ ወይም የኮምፕሬሰሩ ቀለበትና የማድረቂያው እንክብል ብቻ ካለቀ፣ ክፍሉን ለይቶ ማደስ ይቻላል። የተሰነጠቀ ከረጢትን በከመነዳሪ ማጣበቂያ መለጠፍ ግን አያዋጣም። ከረጢቱ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ስለሚታጠፍ፣ ግፊቱም ከፍተኛ ስለሆነ ልጣፉ አይዘልቅም።

ሁለተኛው መንገድ ከረጢቱን በአዲስ መተካት ነው። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ ከረጢቶች እኩል ስላገለገሉ አንዱ ከሞተ ሌላውም ሩቅ አይደለም፤ በጥንድ መቀየሩ የጉልበት ዋጋና ሁለተኛ ጉዞ ያድናል። ሲገዙ የምርቱን ዓመት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጎማ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃልና። በአዲስ አበባው ሶማሌ ተራም ሆነ በሌሎች የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች የሚገኝ ያገለገለ ከረጢት በዋጋው ቢስብም፣ ገዢው የሚወስደው የሌላውን መኪና እርጅና ነው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሴንሰር ወይም የብረት ክፍል መግዛት የተሻለ ትርጉም አለው። በዲስከቨሪ 3 ላይ ከረጢቱና አሞርዛተሩ አንድ አካል ሆነው የተሠሩ በመሆናቸው ሥራውም ወጪውም ይከብዳል፤ በፕራዶ የኋላ አክስል ላይ ግን ከረጢቱ ከአሞርዛተሩ የተለየ ነው። ሴንሰር ከተቀየረ ደግሞ ከፍታው በኮምፒውተር ዳግም መለካት ስላለበት፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጋራዡ ይህ መሣሪያ እንዳለው ማረጋገጥ ብልህነት ነው።

ሦስተኛው መንገድ አየሩን ትቶ ወደ ሞላ መመለስ ነው። በፕራዶ ላይ ይህ ቀላል የሚሆነው ተመሳሳዩ መኪና በዝቅተኛ ደረጃው በኋላ ሞላ ስለሚሠራ ነው። ሞላ አይተነፍስም፤ ኮምፕሬሰር አይሻም፤ በየትኛውም የወረዳ ከተማ ያለ መካኒክ ያውቀዋል። ሆኖም የሚቀርም ነገር አለ። መኪናው ከፍና ዝቅ ማለቱን ያቆማል፤ በጭነት ጊዜ ራሱን አያስተካክልም። ከኋላ ሲጫን አፍንጫው ወደ ላይ ስለሚያይ የፊት መብራቱ የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ይወጋል፤ መብራቱ እንደገና መስተካከል አለበት። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የማስጠንቀቂያ መብራትም ኮምፒውተሩ በአግባቡ ካልተስተናገደ በርቶ ይቀራል። በአንዳንድ መኪኖች የአየር ሥርዓቱ ከሌሎች የደኅንነት ሥርዓቶች ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ሽቦ ቆርጦ መብራቱን ማጥፋት ሌላ ጣጣ ይጠራል።

የሞላው ጥንካሬ ምርጫም ወሳኝ ነው። ለከባድ ጭነት የተሠራ ሞላ በባዶ መኪና ላይ ያንጥራል፤ ጎማው መሬቱን በሚገባ አይጨብጥም። ለቀላል ጭነት የተሠራው ደግሞ ሲጫን ይሰምጣል። ባለንብረቱ ለመካኒኩ መንገር ያለበት የመኪናውን ስም ብቻ ሳይሆን አብዛኛውን ቀን የሚጭነውን ነው። የተነቀሉትን ዕቃዎችም መጣል አያስፈልግም፤ መኪናው ሲሸጥ የሚፈልጋቸው ገዢ ሊመጣ ይችላል።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ስሌቱ ቀላል ነው። የእያንዳንዱ መንገድ ጠቅላላ ዋጋ ከነጉልበቱ ይደመርና ሊያገለግል በሚችልበት ዓመት ይካፈል። በዚያ ላይ መኪናው ተበላሽቶ በቆመበት ቀን የሚቀረው ገቢ ይታሰብ። በጠጠር መንገድ በየቀኑ ለኪራይ የሚሠራ፣ ከጋራዥ የራቀ፣ ከኋላ ብቻ ከረጢት ያለው መኪና ባለቤት ስሌቱ ብዙ ጊዜ ወደ ሞላ ያደርሰዋል። በከተማና በአስፋልት የሚሄድ፣ አራቱም ጥግ ከረጢት ያለው፣ የምርመራ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ በቅርቡ የሚገኝ ባለንብረት ደግሞ ፍሳሹን ለይቶ መጠገኑ ያዋጣዋል።

ጭነትን የሚደብቅ መኪና

የአየር ከረጢት ያለው መኪና አንድ አደገኛ ጠባይ አለው፤ ከመጠን በላይ ሲጫን አይታይበትም። የባሌስትራ መኪና ሲበዛበት ኋላው ይሰምጣል፤ ያየው ሁሉ «በዛ» ይላል። የአየሩ መኪና ግን አየር ጨምሮ ቀጥ ይላል። አሽከርካሪውም ጭነቱ ልክ የሆነ ይመስለዋል።

ከሞዴል ሞዴል ቢለያይም፣ የአንድ ፕራዶ የመሸከም አቅም አሽከርካሪውንና ተሳፋሪውን ጨምሮ ከ6 እስከ 7 ኩንታል ገደማ ነው። 7 ሰዎች እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ ቢመዝኑ 455 ኪሎ ይሆናሉ። ለዕቃ የሚቀረው ሁለት ኩንታል ገደማ ብቻ ነው። በጣሪያው ላይ ሦስት ኩንታል ጤፍ ከተጨመረ መኪናው ከልኩ አልፏል፤ ምንም እንኳ ቁመናው ባይለወጥም። ከረጢቱ የሚያስተካክለው ቁመትን እንጂ ክብደትን አይደለም፤ ክብደቱን የሚሸከሙት ፍሬኑ፣ ጎማውና አክስሉ ናቸው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ሲወርድ ዋጋውን የሚከፍለው የጋለው ፍሬን ነው። በዚያ ቁልቁለት መካከል ከረጢት ቢፈነዳ ደግሞ መኪናው በአንድ ጎኑ በድንገት ይወድቃል።

በክሪክ ሥር ያለ ሕይወት

በአየር ከረጢት መኪና ሥር መግባት ከሌላው መኪና የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። መኪናው ራሱን በራሱ ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ በር ሲከፈት ወይም ሲዘጋ፣ ቁልፍ ሲዞር ወይም ቱቦ ሲነቀል በቅጽበት ሊወርድ ይችላል። በክሪክ ብቻ በተደገፈ፣ ወይም በአየሩ ብቻ ከፍ ባለ መኪና ሥር ጭንቅላቱን ያስገባ ሰው ሕይወቱን ለአንዲት ቀጭን ቱቦ አደራ ሰጥቷል።

ስለዚህ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ጎማዎቹ ይታገዱ፤ የአየር ሥርዓቱም ይጥፋ። ሻንሲው በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ ይቀመጥ፤ የድንጋይ ክምር መቆሚያ አይደለም። ቱቦ ከመነቀሉ በፊት ግፊቱ በሚገባ ይለቀቅ። አዲሱ ከረጢት ከተገጠመ በኋላ ደግሞ መኪናው ገና በመቆሚያው ላይ ሳለ መጠነኛ አየር ይሞላበት፤ እጥፋቱ በትክክል መቀመጡ ይታይ፤ ከዚያ መኪናው ቀስ ብሎ ይውረድ። አየር በሌለው ከረጢት ላይ የመኪናውን ክብደት ማሳረፍ አዲሱን ጎማ አጣጥፎ ይቆርጠዋል። በአንጻሩ ያልተጫነ፣ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ከረጢትን ከልክ በላይ መሙላት ያፈነዳዋል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ብሂል በዚህ ሥራ ላይ እውነት ነው።

መንገድ ላይ ቢበላሽ

ከረጢቱ በመንገድ ላይ ባዶ ከሆነ መኪናው ምቱን የሚያስቆመው ጠንካራ ጎማ ላይ ያርፋል። በዚህ ሁኔታ መሄድ ቢቻልም እንደ ወትሮው አይደለም። አስቀድሞ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር አለመፋተጉ ይታይ፤ ጭነቱ ይቀነስ፤ በዝግታ እስከ ቅርቡ ከተማ ይኬድ። ረጅም ቁልቁለት ከፊት ካለ ግን መቆምና ሌላ መኪና መጥራት ይመረጣል።

ርቆ ለሚሠራ መኪና አንድ ጠቃሚ ዝግጅት አለ። ከእያንዳንዱ ከረጢት መስመር ላይ እንደ ጎማ ያለ የአየር መሙያ ቫልቭ ማስገጠም ይቻላል። ኮምፕሬሰሩ ቢሞት እንኳ ጎሚስታው ከረጢቱን በጎማ መሙያው ይሞላዋል፤ ከረጢቱ ራሱ ደህና ከሆነ መኪናው ቤቱ ይደርሳል።

የባለንብረቱና የተሳፋሪው ድርሻ

የመከላከሉ ሥራ ወጪ አይጠይቅም። በወር አንድ ጊዜ መኪናው ወደ ከፍተኛው ቁመቱ ተነሥቶ እጥፋቱ ሲዘረጋ ከጎን በኩል በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ስንጥቅ መኖሩ ይታይ። ከክረምቱ በፊትና በኋላ የሌሊቱ ልኬት ይወሰድ። ኮምፕሬሰሩ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ የሚያጉረመርም ከሆነ በዚያው ሳምንት ይመርመር።

መኪና የሚከራይ ገበሬም ሆነ የከተማ ነዋሪ ለቤተሰቡ ሲል ማየት የሚችለው ነገር አለ። ሕመምተኛ ወይም ሙሽራ ከመጫኑ በፊት ከመኪናው ኋላ ቆሞ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ይመልከት። አንድ ጎኑ ከዘመመ፣ በየጉድጓዱ ብረት ከብረት ሲጋጭ ከተሰማ ወይም በዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ከበራ አሽከርካሪውን መጠየቅ መብቱ ነው። ጥያቄው አሽከርካሪውን ማሳፈሪያ ሳይሆን ሁለቱም በሰላም የሚደርሱበት መንገድ ነው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የሳሙና ውኃ፣ አንድ ሜትርና የአንድ ሌሊት ትዕግሥት ያገኙት ፍሳሽ በጥቂት ብር ይደፈናል። ችላ የተባለው ግን ከረጢቱን፣ ኮምፕሬሰሩንና ቫልቮቹን በተራ ይበላል፤ አንዳንዴም ከቁልቁለቱ መካከል ሰው እንደጫነ ያስቀራል።